የዛኪር ስም በድንጋይ ላይ ሳይቀረጽ

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ዘሃራ ይማም፣
ደጋን።

እማዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳኑ እንዴት ያዘዎት? ጉልበትዎስ? ኢሕሳን «ከሱጁድ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀምራለች» ካለኝ ወዲህ እኔም በሰገድኩ ቁጥር የእርስዎ ጉልበት የሚያመኝ ይመስለኛል። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ እንደ ዓምናው ለጎረቤት አከፋፈሉት? ማሽላው ጎተራ ገባ? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? እኛን ከጠየቁ አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም በእግራችን ቆመናል፤ የጎደለን የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። የአዳማን ሙቀት ያውቁታል፤ ዘንድሮ ከጾሙ ጋር ተቀጣጥረው የመጡ ይመስላሉ። ልጄ ቢሊሴ ዱከም ፋብሪካ ሥራዋን ይዛለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣና ግማሹን ቀን ተኝታ፣ ግማሹን ቀን እኔን ስትመክር ውላ ትመለሳለች። ባለቤቴም ደህና ነው። እኔም ገበያ ላይ ሽንኩርቴንና ቲማቲሜን ዘርግቼ እውላለሁ፣ ካልቀረሁ። ሰሞኑን ግን ብዙ ቀን ቀርቻለሁ፤ ለምን እንደቀረሁ ልነግርዎ ነው የተቀመጥኩት።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። እኔ ስለ አንድ ነገር ስጮህ እርስዎ ስለ ዝናቡ ይመልሱልኛል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እርስዎ ብቻ ሳይሰሙ ቀሩ። ደግሞም የጣትዎ አሻራ የሚያስፈልገው ወረቀት አለ። ስለዚህ ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው በአብዱናሲር እጅ ልኬዋለሁ። አብዱናሲርን አይረሱትም፤ ሽንኩርት የሚያመጣልኝ የአይሱዙ ሾፌር፣ ዓምና ደጋን መጥቶ ቂጣዎን በልቶ «እናትሽ ልጅ ካነሳት ልግባላት» ያለኝ።

ሱሃይላ፣ የወንድሜ የኢሕሳን ልጅ፣ ይህን ለአያትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽ። ከማፍጠሪያ በፊት እንዳታነቢላት፤ በባዶ ሆድ የሚሰማ አይደለም። ግራ ጆሮዋ ይሻላልና በግራ በኩል ተቀመጪ። መሃል ላይ «በቃ ተይው» ብትልሽ ትንሽ አርፈሽ ቀጥይ እንጂ አታጥፊው። ከመጨረሻው አካባቢ ያለውን ሳትሰማ እንዳትቀር፤ አደራ ብዬሻለሁ።

እማዬ፣ ነገሩ የዛኪር ነው።

በጥር ወር ቀበሌያችን ከሰፈራችን ወደ ባድመ ጦርነት ሄደው ያልተመለሱትን ልጆች ስም በድንጋይ አስቀርጾ በአዳራሹ ግቢ ሊያቆም ነው ተባለ። ከመቀረጹ በፊት ቤተሰብ አይቶ ስህተት ካለ ያሳርም ብለው ዝርዝሩን በወረቀት አትመው ከበሩ ጎን ለጠፉት። ቀነ ገደቡ መጋቢት ሃያ ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ለድንጋይ ጠራቢው ይሰጣል፤ ድንጋይ ደግሞ በእስክሪብቶ አይሰረዝም።

እኔም እንደ ዒድ ለብሼ ሄድኩ። አርባ አንድ ስም ነው። በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ ወደ ታች አነበብኩት፤ ዛኪር አብዱልመናን የለም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሲያነብ ይዘለዋል ብዬ ከታች ወደ ላይ ደገምኩት። የለም። አጠገቤ የቆሙት ሰዎች የልጃቸውን ስም ሲያገኙ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ አንዱ አባት ግንባሩን ሳይቀር አስደገፈ። እኔ እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሞልቶት ከቤቴ የወጣ ወንድሜ፣ ጃኬቱን እኔው የተኮስኩለት ልጅ፣ ከዚህ ሰፈር ሄዶ አያውቅም የተባለ መሰለኝ።

ቢሮ ገባሁ። ገላኔ የምትባል ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጣለች። ገና ስገባ «አካም ጅርቱ ሃርሜ» ብላ፣ እንደ እናቷ ደህንነቴን ጠይቃ ከወንበሯ ብድግ ስትል ይህችስ የሰው ልጅ ናት ብዬ ተስፋ አደረግሁ። የሰው ልጅስ ናት፤ ግን ሕጉን አንድ በአንድ የምታውቅ ናት። ፈለገችና ዛኪር የሚባል ሰማዕት ከዚህ ቀበሌ አልተመዘገበም አለችኝ። የሟቹን መታወቂያ ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነበር ስትለኝ፣ «ልጄ፣ መታወቂያውን ይዞት ነው የሄደው» አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ።

ቁጭ ስል ነው ትዝ ያለኝ። በሰፈር ስሙ ፈልጊልኝ እስቲ አልኳት። አገኘችው። እማዬ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልዎ፦ ማስረሻ በላቸው፤ ሃይማኖት ኦርቶዶክስ፤ የተመዘገበው ሚያዝያ 1991፤ ያረፈው ግንቦት 1992፤ የእናት ስም አበበች፤ ተጠሪ ያችው አበበች። የተለጠፈው ዝርዝር ላይም አለ፣ እኔ ዛኪርን ብቻ ስፈልግ አልፌዋለሁ፤ በዚህ ከተተወ የሚቀረጸው ማስረሻ በላቸው ነው፤ ከስሙ በላይ ደግሞ መስቀል።

ሱሃይላ ያኔ አልተወለደችምና ለእሷ ብዬ ላስታውስ። ዛኪር ሲወለድ ከእኔ ቀጥላ የመጣችው ሕፃን ካለፈች ዓመት አልሞላም ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ አበበች፣ እርስዎን ያረሱዎት እሳቸው፣ ልጁን ታቅፈው «ይኸስ ሐዘንሽን ያስረሳሽ» ብለው ማስረሻ አሉት። አባዬ ደግሞ በጆሮው አዛን አድርገው ዛኪር አሉት። መስጊድ ዛኪር፣ ሰፈር ማስረሻ ሆኖ አደገ። እርስዎ ራስዎ ሲቆጡት ዛኪር፣ ሲያባብሉት ማስረሽ ይሉት እንደነበር አልረሳሁም። እትዬ አበበችና ባላቸው ጋሽ በላቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ውሃቸውን የሚቀዳ፣ ጣሪያቸውን የሚጠግን፣ ምሳቸውን ቀድሞ የሚበላ እሱ ነበር።

አባዬ በጥር 1991 አረፉ፤ እርስዎም ወደ ደጋን ተመለሱ፤ ዛኪር በሚያዝያ ዘመተ። መርዶው የመጣው በኅዳር 1993 ነው፤ የመጣውም ወደኛ ሳይሆን ወደ እትዬ አበበች ቤት ነው። እኔ ቢሊሴን በወለድኩ ማግስት ነበር። እትዬ አበበች አርባ ቀን በሆዳቸው ያዙት። በየቀኑ ገንፎዬን እያገነፉ፣ ልጄን እያጠቡ፣ ፊታቸውን እንዴት አድርገው እንደያዙት እስከዛሬ አላውቅም። አርባዬ ሲወጣ በማለዳ ሽማግሌ ይዘው መጥተው አረዱኝ፤ በማግስቱ ተያይዘን ደጋን መጣን። እርስዎ «መቼ ሰማሽ?» ብለው ጠየቋቸው። መዋሸት አልቻሉም። ያኔ ያሏቸውን ቃል ሱሃይላ ታንብበው፦

«ልጄን አርባ ቀን ያለ ዱዓ አስቀምጠሽብኝ ደግሞ ልታስለቅሺኝ መጣሽ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሃያ አራት ዓመት ስማቸውን አንስተው አያውቁም። አዳማ ሲመጡ እንኳ በር ለበር ሆነን ፊትዎን አዙረው ያልፉ ነበር። የሰማዕትነቱ የምስክር ወረቀት ሲመጣም «አላየውም» ስላሉ በእትዬ አበበች ሳጥን ቀረ፤ እኔም ከፍቼ አላነበብኩትም። ያኔ ባነበው ይህ ሁሉ መመላለስ ባልመጣ።

ልቤ ምን እንዳለኝ አልደብቅዎትም፤ ኮምፒውተሩን ሳይ የእርስዎ ቁጣ ወደኔ ተጋባ። ልጃችንን በወረቀት ወሰዱብን ብዬ ከቢሮ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ገባሁ። ሰላምታዬም ሰላምታ አልነበረም። ሁዳዴ ሊገባ ቀርቦ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ምስሩን አስቀምጠው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ፤ ከሳጥናቸው በፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ደግሞ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለውን የምስክር ወረቀት አወጡልኝ። «ወስደሽ አሳርሚው። እኔ ድሮም የኔ ነው አላልኩም» አሉኝ። እንዴት እናቱ ሆኑ ብላቸው «የጻፉት ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቂ» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ጋሽ ኃይለየሱስ የያኔው የቀበሌ ጸሐፊ ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ከበራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። ያኔ ከወንጂ ተዛውረው ወደ ሰፈራችን ከገቡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። ዛኪርን የሚያውቁት ማስረሻ እየተባለ ከእትዬ አበበች በር ሲገባ ሲወጣ ነው፤ ልጃቸው መስሏቸዋል። የምዝገባው ቀን ሰልፉ እስከ መንገድ ደርሷል፤ ዛኪር ተራው ደረሰ፤ እትዬ አበበች ስንቅ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። «የጎረቤቴን ልጅ ስምህ ማነው እለዋለሁ? ሰው ይስቅብኛል ብዬ ራሴው ሞላሁት» አሉኝ። ስሙን፣ አባቱን፣ እናቱን፣ ሃይማኖቱን። የማያውቁትን ልጅ ሁሉ ጠይቀው በትክክል ጽፈዋል፤ አውቀዋለሁ ያሉትን ብቻ አበላሹት።

ይህን ሲነግሩኝ ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ቀጠሉ። ዛኪር መዝገቡን ከፊታቸው ቆሞ በግልባጩ አንብቦታል። ስቆ «ጋሼ፣ ሃይማኖቴን ሳይቀር ለወጡልኝ እኮ» ብሏቸዋል። ደንግጠው ሊሰርዙ እስክሪብቶ ሲያነሱ ዞር ብሎ እትዬ አበበችን አያቸው። ከዚያ «ይተዉት። ስመለስ እናሳርመዋለን» አለ። ተጠሪህስ ሲሉት «እሷው ትሁን» አላቸው። ለምን እንዲህ እንዳለ ጋሽ ኃይለየሱስ አላወቁም፤ ከኋላ ሰው ይጮሃል፣ ገጹን ገለበጡ። «ስመለስ ያለኝን እኔ እስከዛሬ እየጠበቅሁት ነው» ብለው በከዘራቸው መሬቱን ሲጭሩ ቁጣዬን ዋጥኩት።

ወደ ገላኔ ተመለስኩ። የጋሽ ኃይለየሱስን ቃል ነገርኳት። እሷ ደግሞ «ሃርሜ፣ ማስረሻ በላቸው የሚባል ሌላ ልጅ ኖሮ ቢሆንስ? የእርስዎን ወንድም ላስገባ ብዬ የሌላ እናት ልጅ ብሰርዝ ነገ ምን እመልሳለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ አልተቀየምኳትም። ኃላፊዋም አንዱ ምስክር የተሳሳተው ራሱ ጸሐፊው፣ ሌላዋ እናት ተብላ የተጻፈችው ናትና ከጉዳዩ ውጪ የሆነ፣ በዚያን ዘመን ያወቀ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል አለ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ከመርዶው ጊዜ ጀምሮ የሚያውቅ። የሰፈራችንን ሽማግሌዎች በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከኢብራሂም ዳቦ ቤት እስከ ወፍጮው ድረስ አብዛኛው አልፏል። ሁለት ሳምንት ዞርኩ። ኔትወርክ የለም ሲሉኝ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ነገ ሲሉኝ ነገ መጣሁ። ዘበኛው ሥራ የጀመርኩ መስሎት የመግቢያ ካርድሽ የት አለ ብሎኛል። ሽንኩርቴ በረንዳ ላይ አበቀለ፤ ይብቀል አልኩ።

በመጨረሻ ሸኽ ኡበይደላ ትዝ አሉኝ። ዛኪርን ቁርኣን ያቀሩት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ባለቤቴ በባጃጅ አመጣቸው። ባለፈው ሐሙስ ሁላችንም በገላኔ ቢሮ ተሰበሰብን፤ እኔ፣ ጋሽ ኃይለየሱስ፣ እትዬ አበበች፣ ሸኽ ኡበይደላ። እኔ የጠበቅሁት «ልጁን አውቀዋለሁ፣ ቁርኣን አቅርቼዋለሁ» እንዲሉ ብቻ ነበር። ገላኔ ማስረሻና ዛኪር አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ያውቃሉ አለቻቸው። ሸኹ በከዘራቸው ወደ እትዬ አበበች ጠቆሙ።

ሱሃይላ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። የተናገሩትን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«በዘጠና ሦስት፣ በኅዳር፣ የዐስርን ሶላት ሰግደን ስንወጣ ይህች ሴት ከመስጊዱ በር ውጪ ቆማ ጠበቀችኝ። ቴምርና ስኳር በፌስታል ይዛለች። ‹ሸኼ፣ የኔው ማስረሻ፣ የእናንተው ዛኪር አልፏል። ዛሬ ነው የነገሩኝ። እህቱ አራስ ናት፣ እናቱ ሩቅ ናት። እስኪሰሙ ድረስ ያለ ዱዓ እንዳይቆይብኝ› አለችኝ። ቤተሰቡ እስኪረዳ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። የዚያኑ ዕለት ዱዓ አደረግን። ሌላው ሰው ለማን እንደሆነ ሳያውቅ አሚን ይል ነበር፤ ስሙን እኔ በሆዴ ይዤ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ቴምሯን ታመጣለች፤ እስከ አርባው አላቋረጠችም።»

እማዬ፣ ገላኔ መጻፏን አቆመች። እትዬ አበበች የነጠላቸውን ጥለት ይዘው መሬት መሬት ያያሉ፤ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው ይመስላሉ። ሸኹን እንዴት እስከዛሬ አልነገሩንም ብላቸው «መርዶው ከተነገረ በኋላ እሷ ትነግራችኋለች ብዬ ነዋ። ታውቃላችሁ ብዬ ነው የኖርኩት» አሉ።

ስንመለስ እትዬ አበበችን ክንዳቸውን ይዤ በእግር መጣን። ለምን ለእናቴ አልነገሯትም አልኳቸው። «ብነግራት ምን ይመለሳል? አርባ ቀን መደበቄ እውነት ነው። ለራሴ ጠበቃ መቆም ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት» አሉኝ። ከዚያ ዛኪር የምዝገባው ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ያላቸውን ነገሩኝ። «እትዬ፣ ክፉ ከመጣ ወደ እርስዎ ይምጣ። እማዬ በአባዬ ሐዘን ላይ ናት፤ ብቻዋን በማታውቀው ሰው አፍ እንዳትሰማው። እርስዎ መቼና እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ» ነው ያላቸው። እሺ ብለውታል። እንግዲህ እማዬ፣ ስሙ የተሳሳተው በጋሽ ኃይለየሱስ እጅ ነው፤ ተጠሪዋን ግን ዛኪር ራሱ ነው የመረጠው። የመረጠውም ለእርስዎ ብሎ ነው።

እርስዎ አርባ ቀን ያሉት ሐቅ ነው። እናት ቀድማ መስማት ነበረባት፤ እኔም አሁን የአዋቂ ልጅ እናት ሆኜ አውቀዋለሁ። የእሱን ግን ልንገርዎ፣ መሞቱ ከተሰማበት ሰዓት ጀምሮ ልጅዎ አንድም ቀን ያለ ዱዓ አልዋለም። ይህን በስልክ ጮኼ መንገር አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ሥራው። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው፣ ጥጉ ላይ በቀይ ምልክት ያደረግሁበት፣ እኔ ዘሃራ ይማም የዛኪር አብዱልመናን ወላጅ እናት ነኝ፣ ማስረሻ በላቸው ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው፣ ሃይማኖቱም እስልምና ነው ይላል። በዚህኛው ላይ ክርክር የለኝም፤ የግራ አውራ ጣትዎን ያሳርፉበት። ኢሕሳን ሁለት ጎረቤት አስፈርሞ የቀበሌውን ማኅተም ያስመታበት፤ ማኅተሙ አሻራው ላይ እንዳይወጣ ይጠንቀቅ፣ ገላኔ ትመልሰዋለች።

ሁለተኛው በሰማያዊ ምልክት ያለው ነው። እናት ሲስተካከል ተጠሪም አብሮ ወደ እናት ይዞራል፤ ሕጉ እንዲህ ነው። እናት ከፈቀደች ብቻ የቀድሞዋ ተጠሪ ትቀጥላለች። ተጠሪ ድንጋዩ ላይ አይጻፍም፤ ግን ድንጋዩ ሲመረቅ የልጁ ስም ሲጠራ ተነስቶ አበባ የሚያስቀምጠው ተጠሪው ነው። ዛኪር ሲጠራ እትዬ አበበች እንዲነሱ ይፈቅዳሉ ወይ ነው ወረቀቱ የሚጠይቅዎት። እኔ መጀመሪያ ስማቸውን ከመዝገቡ ጠራርጌ ላወጣ ነበር የተነሳሁት፤ እርስዎም ያውቁኛል፣ የጀመርኩትን አልተውም። አሁን ግን የወንድሜን ስም ሳስተካክል የወንድሜን ቃል መሰረዝ አልፈልግም። ስሙ የተሳሳተውን ያህል፣ እሱ አውቆ ያደረገውን ብናጠፋም ሌላ ስህተት ነው የምንጽፍበት።

አላስገድድዎትም። ቀዩን ብቻ ቢልኩልኝ ቀዩን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዛኪር አብዱልመናን ከላዩ ጨረቃ ተደርጎለት ከመጋቢት ሃያ በፊት ይገባል፣ እኔ እያለሁ በሌላ ሰው ስም አይቀረጽም። ሰማያዊውን ግን እንዳይቀድዱት፤ ከትራስዎ ሥር ያስቀምጡት። አብዱናሲር ሁለት ቀን ኮምቦልቻ ያራግፋል፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ደጋን ያልፋል። እስከዚያ ያስቡበት። ምረቃው ከዒድ በኋላ ነው ተብሏል። ጉልበትዎ ከፈቀደ አብዱናሲር የፊቱን ወንበር ለእርስዎ ብቻ ይዤ አመጣታለሁ ብሏል፤ ትራስም አስቀምጦበታል። እኔ ደግሞ ምረቃው ላይ በእርስዎና በእትዬ አበበች መሃል እቀመጣለሁ፤ ካስፈለገ ማለቴ ነው።

ኢሕሳንን ወንድሜን በጣም ሰላም በሉልኝ፤ ያ ጥርሱን ይነቀል፣ ደጋን ላይ ሐኪም ከጠፋ እዚህ ይምጣ። ለሚስቱም ሰላምታዬ ይድረስ፤ የላከችልኝን በርበሬ ባለቤቴ በላው እንጂ እኔ አልጠገብኩትም። ሱሃይላ፣ አንብበሽ ስለጨረስሽ አላህ ዓይንሽን ያብራው፤ ከአብዱናሲር የሚደርስሽ ሽርጥ ከቢሊሴ ነው፣ ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት፣ እኔን እንዳትወቅሺ። ታናናሾችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ የጾም ሰላምታ አድርሱልኝ። ከዚህ ደግሞ ባለቤቴ፣ ቢሊሴ፣ ሸኽ ኡበይደላና ጋሽ ኃይለየሱስ ሰላም ብለውዎታል፤ ጋሽ ኃይለየሱስ «ይቅርታ በይልኝ» የሚለውንም ጨምሪ ብለውኛል፣ ጨምሬያለሁ።

እትዬ አበበች ሰላም በይልኝ ለማለት አልደፈሩም። ይህን ስጽፍ ግን ከአጠገቤ አልተነሱም፤ ማንበብ ስለማይችሉ ስለ ሰማያዊው ወረቀት አላወቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የእርስዎን ስም ፖስታው ላይ ስጽፍ «ዘሃራ የሚለው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከስሙ ላይ አሳርፈው ቆዩ። አሁን ሙጫውን ይዘው እንድጨርስ እየጠበቁኝ ነው።

ልጅዎ፣
ሰሊማ አብዱልመናን

አዳማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.